ሰውን ከኮምፒውተር ጋራ የማግባባት ትምህርትና የአሶሳ ተማሪ

የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ተማሪዎችን መቀበል ከጀመረ ወዲህ፥ በኮምፒውተር ትምህርት የተመረቁ ወጣቶች በዚያች የምዕራብ ከተማ እየበረከቱ ሄደዋል። ከነዚህም መካከል «ለሁለተኛ ዲግሪ ምን ላጥና?» እያለ የሚያስብ ቢኖር፥ ብዙዎች ወደማይመለከቱት ወደ አንድ ትምህርት ዐይኑን ይጥል ዘንድ ይህን እንጽፋለን። ይኸውም የሰውና የኮምፒውተር መስተጋብር የተባለው ትምህርት ነው።

ስሙን ሲሰሙት የመኪናውን ሆድ ዕቃ የሚመረምር ይመስላል። ነገር ግን በይበልጥ የሚመረምረው ሰውዬውን ነው። ዐይኑ አስቀድሞ በየት በኩል እንደሚያርፍ፥ ጣቱ የትኛውን ቁልፍ እንደሚስት፥ ግራ ሲገባው ምን ብሎ እንደሚገምት ይጠናል። ስለዚህም ከመሐንዲሶች ጋራ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ይገኙበታል። አሜሪካዊው ዳግላስ ኤንግልባርት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. ማውስ የምንለውን መሣሪያ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በጉባኤ ፊት አሳየ። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ካርድ፥ ሞራንና ኒውዌል የተባሉ ሦስት ሰዎች ያሳተሙት መጽሐፍ የትምህርቱን ስም አስታወቀ። ዛሬ በአሜሪካ በካርኔጊ ሜሎን፥ በእንግሊዝም በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ራሱን ችሎ በሁለተኛ ዲግሪ ይሰጣል።

እኛ ግን ስሙን ሳናውቀው ነገሩን እናውቀዋለን። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት በተነሡ ጊዜ የገጠማቸው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ከሁለት መቶ የሚበልጠው ፊደላችን ለእንግሊዝኛ በተሠራ ጥቂት ቁልፍ ላይ እንዴት ይገባል? መልሱ ፊደሉን ከነቅጥሉ ከፋፍሎ በሁለት ምት መጻፍ ሆነ። ሥራው ተቃና፤ የፊደሉ መልክ ግን ተጎዳ እያሉ ያዘኑ አልጠፉም። ማዘናቸውም ተገቢ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. 345 የግዕዝ ምልክቶች ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ሲገቡ፥ የመልኩ ችግር በዚህ በኩል ተቃለለ።

ፊደል ለማያውቅ ሰው ግን ይህ ሁሉ ምን ይረባዋል? አሶሳን የምንጠቅሰው ስለዚህ ነው። በክልሉ የሥራ ቋንቋው አማርኛ ሲሆን፥ ሕዝቡ ግን በርታ፥ ጉሙዝ፥ ሺናሻ፥ ማኦና ኮሞ በየቋንቋው ይነጋገራል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር በአምስት ቋንቋ ነበር፤ ከነዚህ ከአምስቱ የክልሉ ቋንቋዎች አንዱም አልነበረበትም። እንግዲህ በአሶሳ ገበያ ማንጎ የምትሸጥ አንዲት የበርታ እናት እናስብ። ገንዘቡ በስልኳ ይገባል፤ መልእክቱን ግን የጎረቤት ልጅ ያነብላታል። ገንዘብ ለመላክ ስትፈልግ ምሥጢር ቁጥሯን ለዚያው ልጅ ትነግረዋለች። ልጁ ታማኝ ሊሆን ይችላል። ይሁንና የቤቷ ቁልፍ በሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው፤ መኪናውን የሠራው ሰው ደግሞ ይህን አላየም።

መፍትሔው በንባብ ብቻ እንዳልሆነ አገራችን ቀድማ አይታለች። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. ያቋቋመው 8028 የተባለው የስልክ መሥመር፥ ገበሬው ቁጥር እየነካ በአማርኛ፥ በኦሮምኛና በትግርኛ የእርሻ ምክር በጆሮው እንዲሰማ አድርጓል። በበርታና በጉሙዝ ቢሞከር ግን ሥራው ይከብዳል። በነዚህ ቋንቋዎች ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል የቃሉ ትርጉም ይለወጣልና፥ የሰውን ንግግር ሰምቶ የሚመልስ መኪና ይህን ልዩነት መለየት ይኖርበታል። ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፍ ከዚህ የሚበልጥ ርእስ ከወዴት ይገኛል?

ወጪውም ብዙዎች እንደሚፈሩት አይደለም። የትምህርቱ ሊቃውንት ፕሮግራም ከመጻፋቸው አስቀድሞ የስልኩን ገጽ በወረቀት ሥለው፥ ሰውዬው በጣቱ እንዲነካው እየሰጡ ይፈትናሉ። የሚነካው ወረቀት ሲለወጥ ገጹ እንደ ተለወጠ ይቆጠራል። አንድ እርሳስ፥ አንድ ደብተርና የድምፅ መቅጃ ያለው ተማሪ በገበያው ዳር ተቀምጦ ሊጀምረው ይችላል። የሚያስቸግረው ዝም ማለት ነው። ፈታኙ ተፈታኙን «እዚህ ጋ ንኪው» ብሎ ከረዳ ፈተናው ተበላሸ፤ እናትን ተቸግራ እያዩ አለመርዳት ደግሞ ለአገራችን ልጅ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት የሚፈተነው ስልኩ እንጂ እርሷ እንዳልሆነች ሊያስረዳትና ፈቃዷን ሊጠይቅ ይገባዋል።

መቼም ከውጭ አገር መጽሔት አንድ ርእስ ቀድቶ በአዲስ አበባ ተማሪዎች ላይ ሞክሮ መመረቅ ይቀላል። መምህሩም መጽሐፉም ለዚያ ቅርብ ናቸው። የበርታን ቋንቋ ከእናቱ የተማረ ተማሪ ግን ለንደን ያለው ባልንጀራው በብዙ ገንዘብ የማያገኘውን ይዟል። ሥራውን የሚጀምርበትም ጥያቄ አጭር ነው፤ በስልኩ ላይ «አረጋግጥ» የሚለው ቁልፍ፥ ሲነኩት ገንዘቡ እንደሚሄድና በቀላሉ እንደማይመለስ ያቺ ማንጎ ሻጭ ወዲያው እንድታውቅ፥ በበርታ ምን ተብሎ ይነገራት?