ተጨማሪ መረጃ፦ ምድርን የመዘነው ሊቅ

ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ግዝፈት ያለው አካል ሁሉ ሌላውን ወደ ራሱ እንደሚስብ፣ ርቀቱም እጥፍ ሲሆን የስበቱ ኃይል ወደ ሩብ እንደሚወርድ ቢገልጥም፣ በሁለት ድንጋዮች መካከል ያለው ስበት እጅግ ረቂቅ ስለ ሆነ፣ በቤት ውስጥ የለካው ሰው ከመቶ ዓመት በላይ አልተገኘም። በ1798 ግን ሄንሪ ካቨንዲሽ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ (ሰው ማነጋገር የሚያሳፍረው፣ ባሕታዊ መሰል ሰው ነበር) ጆን ሚቸል የተባለ ሌላ ሊቅ ጀምሮት በሞት የተለየውን መሣሪያ አሻሽሎ፣ በቀጭን ሽቦ በተንጠለጠለ የእንጨት ዘንግ ጫፍና ጫፍ ሁለት ትናንሽ የእርሳስ ኳሶች አኑሮ፣ እያንዳንዳቸው 158 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝኑ ታላላቅ ኳሶች ባጠገባቸው ባቀረበ ጊዜ፣ ዘንጉ በጥቂቱ ዘወር ሲል ተመለከተ። የገላው ሙቀት አየሩን አነቃንቆ ሥራውን እንዳያበላሽበት፣ ክፍሉን ዘግቶ ከውጭ በመነጽር ነበር የሚያየው፤ ከመሣሪያው ይልቅ ትዕግሥቱ ያስደንቃል። ከዚህች ኢምንት ንቅናቄ ተነሥቶ፣ ምድር በመጠን ከሚተካከላት ውሃ 5.48 ጊዜ ያህል እንደምትከብድ አሰላ፤ የዛሬው ልክ 5.51 ነው። የምንረግጠው ድንጋይ ከውሃ የሚከብደው ግን 2.7 ጊዜ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ በምድር ከርሥ ውስጥ እጅግ የከበደ ነገር መኖሩ በዚሁ ተረጋገጠ።