ለኳስ የተበጀተ ብር የት ይውላል?

የወረዳ ወይም የዞን ምክር ቤት በጀት ላይ ሲወያይ የእግር ኳስ ክለብ ጉዳይ ከተነሳ አንድ መከራከሪያ ሳይሰማ አይቀርም፦ ክለቡ ከጠነከረ የአካባቢው ኢኮኖሚ ይነቃቃል። የሆቴሎች አልጋ ይያዛል፣ ባጃጁ ሥራ ያገኛል፣ ሻይ ቤቱ ይደምቃል፣ የከተማዋ ስም በሬዲዮ ይጠራል፣ ስሙን የሰማ ባለሀብትም ይመጣል ይባላል። በካፋ ዞንም ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ካፋ ቡና ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ባለው በከፍተኛ ሊግ ተጫውቷል፤ ጎረቤቶቹ ጅማ አባ ቡናና ቤንች ማጂ ቡናም እንደዚሁ። በአገራችን የክለቦች ወጪ በአብዛኛው የሚሸፈነው ደግሞ ከመንግሥት ካዝና ነው።

መከራከሪያው እውነት ነው? ኢኮኖሚስቶች ይህን ጥያቄ ከሠላሳ ዓመት በላይ አጥንተውታል፤ መልሳቸውም ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ አይደለም። ግን መልሱን ብቻ መስማት በቂ አይደለም። ብሩ ከካዝና ወጥቶ በማን እጅ አልፎ የት እንደሚደርስ መከተል ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ ከትልቅ ከተማ ይልቅ ትንሽ ከተማ ይመቻል፤ የሚገባውና የሚወጣው በዓይን ይታያልና። ስለዚህ ቢታ ገነትን እንውሰድ።

ቢታ ገነት የቢታ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከዞኑ ዋና ከተማ ከቦንጋ በስተምዕራብ ትገኛለች። አካባቢው የጫካ ቡና፣ የማርና የኮረሪማ አገር ነው። የካፋን ደን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል። በእንዲህ ያለ ከተማ ብር የሚገባው በዋነኛነት በሁለት በር ነው፦ ቡናና ማር ሲሸጥ፣ እንዲሁም የመምህሩ፣ የጤና ባለሙያውና የጽሕፈት ቤት ሠራተኛው ደመወዝ በየወሩ ሲከፈል። የሚወጣበት በር ግን ብዙ ነው። ሳሙናው፣ ዘይቱ፣ ቆርቆሮው፣ ነዳጁ፣ የስልክ ካርዱ ሁሉ ከሌላ ቦታ የሚመጣ ነው። ስለዚህ አንድ ወጪ ለከተማዋ ኢኮኖሚ ጠቀመ ለማለት ሁለት ነገር መሟላት አለበት። ብሩ ከውጭ የመጣ አዲስ ብር መሆን አለበት፤ ከመጣም በኋላ ቶሎ ሳይወጣ እዚያው መዞር አለበት።

አሁን እሑድ ከሰዓት ጨዋታ አለ እንበል። ሜዳው ዳር ሻይና ፓስቲ የምትሸጠው ሴት ገበያዋ ይደራል፤ ቆሎ የሚያዞረው ልጅም ይሸጣል። ይህን ያየ ሰው «ይኸው፣ ኳሱ ሥራ ፈጠረ» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ሻዩን የጠጣው ወጣት ጨዋታው ባይኖር ኖሮ ያችን ብር ኪሱ ውስጥ ይዞ አይተኛም ነበር። ጆተኒ ይጫወትባታል፣ ወይም ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ የእንግሊዝን ኳስ ያይባታል፣ ወይም ሌላ ሻይ ቤት ይቀመጣል። ሜዳው ዳር ያተረፈችው ሴት ያገኘችው ዲኤስቲቪ ቤቱ ያጣውን ነው። የከተማዋ ጠቅላላ ገቢ አልጨመረም፤ ቦታ ቀየረ እንጂ። ኢኮኖሚስቶች ይህን የመተካት ውጤት ይሉታል። የዓይን ምስክርነት የሚያሳስተውም እዚህ ላይ ነው፤ የደራው ቦታ ይታያል፣ የቀዘቀዘው አይታይም። እውነተኛ ጭማሪ የሚመጣው ከቦንጋ ወይም ከማሻ ተነስቶ ለጨዋታው ብሎ በመጣ፣ ምሳ በልቶ አልጋ ይዞ በሚያድር ሰው ነው። በዚህ ደረጃ ላለ ክለብ እንዲህ ያለ ተመልካች ጥቂት ነው።

ቀጥሎ ያለው ጉዳይ ብሩ የሚዞርበት ብዛት ነው። ክለቡ ለአንዲት ምግብ አብሳይ 1 ብር ከፈለ እንበል። እሷ ከብሩ የተወሰነውን ለቆጮና ለጎመን እዚያው ገበያ ላይ ታወጣለች፤ የሸጠላት ገበሬ ደግሞ ከፊሉን እዚያው ያወጣል፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። በየእርምጃው ከእያንዳንዱ ብር 60 ሳንቲሙ እዚያው የሚቀር ከሆነ ያ 1 ብር በመጨረሻ የ2 ብር ከ50 ሳንቲም እንቅስቃሴ ይፈጥራል። 20 ሳንቲም ብቻ የሚቀር ከሆነ ግን ድምሩ 1 ብር ከ25 ሳንቲም ላይ ይቆማል። ፋብሪካና ጅምላ ንግድ በሌለበት ትንሽ ከተማ ብሩ በወንፊት እንደተቀዳ ውሃ ስለሚሆን ሁለተኛው ስሌት ይቀርባል። ስለ «መነቃቃት» የሚቀርቡ ሪፖርቶች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት የትልቅ ከተማን ቁጥር ወስደው ትንሽ ከተማ ላይ ስለሚለጥፉ ነው።

የውጭው ጥናት ምን ይላል? አሜሪካ ከተሞች ለስፖርት ክለብ የሕዝብ ገንዘብ በብዛት የሚያፈሱባት አገር ስለሆነች ብዙው ማስረጃ የመጣው ከዚያ ነው። ሮጀር ኖልና አንድሪው ዚምባሊስት እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት መጽሐፍ በሕዝብ ገንዘብ የተሠሩ ስታዲየሞችን መርምረው ለከተማው ተስፋ የተሰጠውን ትርፍ አላገኙም። ዴኒስ ኮትስና ብራድ ሃምፍሬስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1994 ያለውን መረጃ ይዘው ትልልቅ ክለቦች ያሏቸውን ከተሞች የነፍስ ወከፍ ገቢ ተከታተሉ። ክለብ መኖሩ ገቢውን ከፍ አላደረገውም፤ እንዲያውም በትንሹ ዝቅ ካለ ገቢ ጋር ተያይዞ ተገኘ። ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳምነኝ ግን እነዚሁ ሁለት ሰዎች ስለ ሥራ ማቆም አድማ የሠሩት ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የቤዝቦል ተጫዋቾች አድማ መትተው የዓመቱ የፍጻሜ ውድድር ጭምር ተሰርዟል። ክለብ ለከተማ ኢኮኖሚ ያን ያህል ምሰሶ ቢሆን ኖሮ ጨዋታው ሲቆም ገቢው መውደቅ ነበረበት። አልወደቀም። ሰዉ ለኳስ ያወጣው የነበረውን ገንዘብ ሌላ ቦታ አወጣው፣ በቃ።

የእኛ አገር ሁኔታ ከዚያም ይከብዳል። መንግሥት ክለብ ማስተዳደሩ የቆየ ልማድ ነው። መቻል የሠራዊቱ፣ ኦሜድላ የፖሊስ፣ መብራት ኃይል የመብራት መሥሪያ ቤቱ ክለቦች ሆነው ትውልድ አሳልፈዋል። ዛሬ ደግሞ በፕሪሚየር ሊጉ የከተማና የዞን አስተዳደሮች ክለቦች ብዙ ናቸው፤ በ2016 ዓ.ም. ዋንጫውን ያነሳው ኢትዮጵያ ንግድ ባንክም የመንግሥት ባንክ ክለብ ነው። የእነዚህ ክለቦች ትልቁ ወጪ የተጫዋቾች ደመወዝና የፊርማ ክፍያ ነው። ክፍያው ከልክ በማለፉ ክለቦቹ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ እስከመስማማት ደርሰው ነበር። ተጫዋቹ አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ አካባቢ የሚመጣ ነው፤ ቤተሰቡ ሌላ ቦታ ነው፤ ቤት የሚሠራውም ሌላ ቦታ ነው። ከደመወዙ የሚቆረጠው ግብር ለመንግሥት ይመለሳል ሊባል ይችላል፤ ግን መጀመሪያም ከመንግሥት የወጣ ስለሆነ አዲስ ገቢ አይደለም።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ። ኮሮና ከገባ በኋላ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች ክለቦች በየሜዳቸው እየተቀባበሉ መጫወታቸው ቀርቶ በተመረጡ ከተሞች በዙር መካሄድ ጀመሩ፤ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋ፣ በሐዋሳ፣ ቀጥሎም በአዳማ። ሱፐርስፖርት የአምስት ዓመት የስርጭት መብቱን በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ነበርና ጨዋታዎቹ ለቀረጻ በሚመች ሜዳ መሆን ነበረባቸው። ከፍተኛ ሊጉም በተመረጡ ከተሞች ሲካሄድ ቆይቷል። ለሊጉ መልክ ይህ ጥሩ ሳይሆን አልቀረም። ለበጀቱ ግን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ዞኑ ክለቡን በራሱ ገንዘብ ያቆማል፤ ክለቡ ሳምንታትን ሌላ ከተማ ውስጥ ሆቴል ይዞ ያሳልፋል፤ አልጋው የሚያዘው፣ ምግቡ የሚበላው፣ ተመልካቹ የሚገባው እዚያ ነው። በኳስ ስም አዲስ ብር የሚገባላቸው እንደ ሐዋሳና አዳማ ያሉ አስተናጋጆች ናቸው፤ የሚከፍሉላቸው ደግሞ ርቀው ያሉ ዞኖች።

በምናብ ቁጥር እናስላው። አንድ ዞን ለክለቡ 10 ሚሊዮን ብር መደበ እንበል። 7ቱ ሚሊዮን ለደመወዝና ለፊርማ፣ 2ቱ ለጉዞና ለሆቴል፣ 1ዱ እዚያው ለሚሠሩ ሰዎችና ለሜዳ ይውላል። ተጫዋቾቹም ከደመወዛቸው ግማሽ ሚሊዮኑን እዚያው ያወጣሉ ብለን ብንጨምር አካባቢው ላይ የሚያርፈው 1.5 ሚሊዮን ነው፤ ሲዞር 1.9 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። ያው 10 ሚሊዮን ቡና ወደ ገበያ የሚወጣበትን የቀበሌ መንገድ ለመጠገን ቢውልና ግማሹ ለአካባቢው የቀን ሠራተኛና ለድንጋይ አቅራቢ ቢከፈል፣ በዚያው ስሌት ከ6 ሚሊዮን በላይ ይዞራል፤ መንገዱም ለከርሞ ይኖራል። የወረዳ በጀት አብዛኛው ደመወዝ ከፍሎ የሚያልቅ ነው። ለግንባታና ለጥገና የምትተርፈው ጥቂት ብር ላይ ነው ክለቡና የጤና ኬላው የሚሻሙት። በየቦታው እንደሚደረገውም ለክለብ ማጠናከሪያ ተብሎ ከመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሲቆረጥ፣ ያ መምህር በወሩ ከከተማው ሱቅ የሚገዛው ዕቃ በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ከቦንጋ መንገዱን ይዞ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚጓዝ የሚያገኛት ጅማ ጥሩ ትምህርት ናት። ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ሻምፒዮን ሆነ። በአፍሪካ መድረክም ከግብፁ አል አህሊ ጋር ተጫወተ። ከዚያ በኋላ ግን ስሙ ከደመወዝ መዘግየት ጋር ይነሳ ጀመር፤ በ2014 ዓ.ም. ወረደ። ዋንጫ ማንሳት የሚጠይቀው ገንዘብ በየዓመቱ ይጨምራል፤ ዋንጫው የሚያስገባው ገቢ ግን አብሮት አያድግም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ሁሉም ነገር በብር ይለካል ወይ?» ቢለኝ ትክክል ነው። ወላይታ ድቻ በ2010 ዓ.ም. የግብፁን ዛማሌክ ያህል ክለብ በፍጹም ቅጣት ምት ሲጥል ሶዶ ውስጥ የተፈጠረው ደስታ እውነተኛ ነው፤ ዋጋም አለው። እኔ የምለው ደስታው በስሙ ይጠራ ነው። ሕዝብ ለበዓል ወጪ እንደሚያወጣ ሁሉ ለኳስ ማውጣት መብቱ ነው፤ ኢንቨስትመንት ነው ተብሎ መቅረብ ግን የለበትም። ጆርጂዮስ ካቬትሶስና ስቴፋን ሺማንስኪ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት በአውሮፓ አገሮች የሕዝቡን የእርካታ መጠን መርምረው ነበር። ትልቅ የእግር ኳስ ውድድር በአገር ማስተናገድ ሰዎችን ደስተኛ ያደርጋል፤ ቡድኑ ከተጠበቀው በላይ ማሸነፉ ግን ያን ያህል ጎልቶ የሚታይ ለውጥ አላመጣም። ደስታውን ያመጣው ኳሱ ደጃቸው መምጣቱ ነው።

ለቢታ ገነት ይህ ግኝት ትልቅ ትርጉም አለው ብዬ አምናለሁ። ሐዋሳ ላይ ከደጋፊው ርቆ ለሚጫወት ቡድን ከሚወጣው ገንዘብ በጣም ባነሰ ወጪ፣ ቡና ተለቅሞ ሲያልቅ ጌሻን፣ ጨናን፣ ጌዋታንና ቢታን የሚያገናኝ የወጣቶች ሊግ ማካሄድ ይቻላል። ሜዳውን የሚደለድለው፣ ማሊያውን የሚያጥበው፣ ለእንግዳው ቡድን ምሳ የሚያቀርበው የከተማው ሰው ነው። ዳኛው የአካባቢው መምህር ሊሆን ይችላል። ሴቶች ልጆች የሚጫወቱበት ሰዓት ይኖራል። ከሌላ ወረዳ የመጣው ደጋፊ የሚበላው እዚያው ነው፤ ተራው ሲደርስ ደግሞ የቢታው ሄዶ ይበላል። ገንዘቡ ካፋ ውስጥ ይዞራል፤ ልጆቹም እናቶቻቸው እያዩአቸው ይጫወታሉ።

ከዚህ ሊግ ገቢ የሚመጣበት አንድ መንገድ አለ፤ ብዙዎቹ የአካባቢ ቡድኖች አይጠቀሙበትም። በፊፋ ሕግ አንድ ፕሮፌሽናል ተጫዋች ኮንትራቱ ሳያልቅ በክፍያ ከአገር አገር ሲዘዋወር ከዝውውሩ ገንዘብ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ሩብ በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ግማሽ በመቶ ነው። አቡበከር ናስር በ2014 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ እንደሄደው ሁሉ አንድ የቢታ ልጅ በ100,000 ዶላር ቢዘዋወር፣ ከ12 እስከ 17 ዓመቱ ያሠለጠነው ክለብ 2,000 ዶላር ይደርሰዋል። ይህ ዕድል ነውና በጀት አይያዝበትም። ግን ከነአካቴው እንዳይጠፋ ቡድኑ በፌዴሬሽን መዋቅር ውስጥ ሕጋዊ ክለብ ሆኖ መታወቅ፣ ልጁም በስሙ፣ በልደት ቀኑና በተጫወተበት የውድድር ዓመት መመዝገብ አለበት። ዛሬ በየሜዳው የሚጫወቱት አብዛኞቹ ታዳጊዎች ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ የሉም። የወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ለአንድ ተጫዋች ፊርማ ከሚከፈለው ባነሰ ወጪ፣ በዚህ ዓመት ሊጀምረው የሚችለው ሥራ ይህ ምዝገባ ነው።