የመረብ ስሞችና አድራሻዎች አስተዳደር፦ ስለ አማርኛ ስያሜዎቹ የቀረበ ማብራሪያ

1. የጽሑፉ ዓላማ

የአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር መረብ ስሞችና የአይፒ አድራሻዎች የሚተዳደሩት በሦስት ተጓዳኝ አገልግሎቶች ነው። እነዚህን የሚመለከቱ መመሪያዎች ወደ አማርኛ ሲተረጐሙ የሚያጋጥመው ዋና ችግር የቃል እጦት አይደለም። ችግሩ ተርጓሚው የእንግሊዝኛውን ቃል የተለመደ ፍቺ ተከትሎ፣ ቃሉ በዚህ ሙያ የያዘውን ፅንሰ ሐሳብ መሳቱ ነው። ስለሆነም በመጀመሪያ አሠራሩን ባጭሩ እንገልጻለን፤ ቀጥሎም አከራካሪ የሆኑትን ስያሜዎች እንመረምራለን።

2. አሠራሩ

ኮምፒዩተሮች የሚገናኙት በቁጥር ሲሆን፣ ለሰው ግን የሚቀለው ስም ማስታወስ ነው። ቀደም ሲል አርፓኔት በተባለው የአሜሪካ መረብ ላይ የነበሩት ኮምፒዩተሮች ስምና ቁጥር በአንድ ዝርዝር ሰፍሮ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ይጠበቅ ነበር። መረቡ ሲሰፋ ዝርዝሩን ከአንድ ማእከል ማደስና ማዳረስ አዳጋች ሆነ። በዚህም ምክንያት ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 ዲኤንኤስ የተባለውን የስም ሥርዐት ነደፉ። የሥርዐቱ መሠረት ውክልና ነው፤ ይኸውም የበላዩ አካል ከስም ዘርፉ ከፊሉን ለሌላ አካል ያስረክባል፤ ተረካቢውም የራሱን መዝገብ ይይዛል።

ሁለተኛው አገልግሎት ደንቡ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ዲኤችሲፒ ነው። አንድ መሣሪያ ወደ መረቡ ሲገባ አድራሻ ይጠይቃል፤ አገልጋዩም ካልተያዙት መካከል አንዱን ለተወሰነ ጊዜ ይሰጠዋል። መሣሪያው ጊዜው ሳያልፍ ካላሳደሰ፣ አድራሻው ተመልሶ ለሌላ ይሰጣል።

ሦስተኛው የአድራሻ መዝገብ አያያዝ ሲሆን፣ የትኛው አድራሻ ለምን አገልግሎትና ለየትኛው ክፍል እንደተመደበ ያሳያል። በነባሩ የአይፒ ሥርዐት ሊኖሩ የሚችሉት አድራሻዎች 4,294,967,296 ብቻ ናቸው፤ ያልተመደበው ማእከላዊ ክምችትም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 አልቋል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቶች ለውስጥ አገልግሎት ብቻ የተተዉትን፣ ለምሳሌ በ10 የሚጀምሩትን አድራሻዎች ይጠቀማሉ። እነዚህን ሌላውም መሥሪያ ቤት ሊጠቀምባቸው ስለሚችል፣ ሁለት መረቦች ሲዋሐዱ አድራሻዎች ይጋጫሉ። ሦስቱ አገልግሎቶች ካልተናበቡም ስሙ የአንዱ፣ አድራሻው የሌላው ሆኖ ይገኛል።

3. አከራካሪዎቹ ስያሜዎች

ሀ) «ሊዝ»። ቃሉ እንዳለ ቢወሰድ፣ በአማርኛ አስቀድሞ የከተማ ቦታ ይዞታን የሚያመለክት ሆኗልና ለረዥም ዘመን በክፍያ የሚያዝ ነገርን ያሳስባል። «ኪራይ»ም ክፍያን ያመለክታል፤ እዚህ ግን ክፍያ የለም። «ብድር» የሚመለሰው በምትኩ ነው፤ ገንዘብ የተበደረ ያንኑ ብር አይመልስም። «ውሰት» ግን ያው የተወሰደው ዕቃ፣ ያለ ዋጋ፣ ከአገልግሎት በኋላ የሚመለስበት ነው። የአድራሻውም ነገር ይኸው ስለሆነ «የአድራሻ ውሰት»፣ «የውሰት ጊዜ»፣ «ውሰት ማደስ» እንድንል እናሳስባለን። እኛ የቋንቋ ሰዎች «የውሰት ቃል» የምንለው ከቶ የማይመለስ መሆኑ፣ ቃሉ በሕዝቡ ዘንድ ያለውን ትርጉም አይሽረውም።

ለ) «ዶሜን» እና «ዞን»። የመጀመሪያው አንድን የስም ዘርፍ ከነቅርንጫፎቹ በሙሉ ይሸፍናል። ሁለተኛው ከዚያ ውስጥ ለሌላ ያልተወከለውን፣ አንድ አካል በራሱ መዝገብ የያዘውን ክፍል ብቻ ይመለከታል። አንድ ሚኒስቴር የቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱን ስሞች ለቅርንጫፉ ቢወክል፣ ስሞቹ ከሚኒስቴሩ ዶሜን አይወጡም፤ ከዞኑ ግን ይወጣሉ። ሁለቱም «ክልል» ተብለው ከተተረጐሙ «በክልሉ አለ፣ በክልሉ የለም» የሚል እርስ በርሱ የሚቃረን ዐረፍተ ነገር ይፈጠራል። «ጎራ» የሚለው ስያሜም ተፎካካሪ ወገንን ያሳስባል፤ «ዞን» ደግሞ በአገራችን የአስተዳደር እርከን መጠሪያ ነው። ስለሆነም ለመጀመሪያው «የስም ግዛት»፣ ለሁለተኛው «የስም ይዞታ» የተሻሉ ሆነው አግኝተናቸዋል።

ሐ) «ሪዞልቭ»። ቃል በቃል «መፍታት» ቢባል «የስም ፍቺ» የሚለው ሐረግ የስሙን ትርጉም መግለጽ ይመስላል። መሣሪያው ግን ስምን አይተረጕምም፤ አንዱን አገልጋይ ጠይቆ ወደ ሌላው እየተመራ በጠያቂው ፈንታ አድራሻውን ይፈልጋል። ለዚህ ተግባር «ማፈላለግ»፣ ለአድራጊውም «አፈላላጊ» የሚሉት ነባር ቃላት ይስማማሉ። «አይፒ» እንዳለ ቢቀር፣ «አገልጋይ»ም የተለመደ በመሆኑ ቢጸና ችግር የለውም።

4. ማጠቃለያ

ስያሜ የሚፈተነው በዝርዝር ውስጥ ተነጥሎ ሳይሆን በትእዛዝ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ገብቶ ነው። «የውሰት ጊዜው ያበቃ አድራሻ ለሌላ መሣሪያ ከመሰጠቱ በፊት የቀድሞው ስም ከይዞታው መዝገብ ይሰረዝ» የሚለውን መመሪያ የመረብ ሠራተኛው ያለ አስተርጓሚ ከተረዳውና በትክክል ከፈጸመው፣ ቃላቱ ሥራቸውን ሠርተዋል ማለት ነው። በዚሁ መንገድ በእጃቸው ያሉትን መመሪያዎች እንዲፈትኑና ያልሠራውን ቃል ከነዐረፍተ ነገሩ እንዲያስታውቁን ተርጓሚዎችን እንጠይቃለን።