ከቀለሙ በፊት ጠርዙን

የገዛነው አፓርታማ አሥራ ሁለት ፎቅ ነው፤ የቀረው የውጭ ልብሱ ብቻ ነው። ባለፈው እሑድ ቤት ገዢዎች መኪና ማቆሚያው ውስጥ ተሰብስበን ስለ ቀለም ስንከራከር አረፈድን። ተቋራጩ መዳፍ የሚያካክሉ አራት የአሉሚኒየም ክላዲንግ ናሙናዎች ወንበር ላይ ደርድሯል። ወጣቶቹ ጥቁር ግራጫውን መረጡ። ከእኔ በላይ ያለውን ቤት የገዙት እትዬ ግን «ልጆቼ፣ በጋ ላይ አቧራው ሲቀመጥበት ታዩታላችሁ» ብለው ክሬሙን ያዙ። ሁሉን መስታወት ያሉም ነበሩ፤ የከሰዓት ፀሐይ የሚመታው ቤት የማን እንደሆነ ሲነሳ ግን ተዉት።

እኔ ናሙናውን አዙሬ ጠርዙን አየሁ። ከላይና ከታች ስስ አሉሚኒየም፣ መሃሉ ጥቁር ፕላስቲክ። ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ አብዛኛው ያ ፕላስቲክ ነው። በርካሹ ዓይነት ውስጥ የሚገባው ፖሊኢትሊን ይባላል፤ ፌስታል የሚሠራበት ማለት ነው። እሳት ሲያገኘው ይቀልጣል፣ እየነደደም ይንጠባጠባል።

እህቴ ምዕራብ ለንደን ትኖራለች። ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. ጠዋት ስደውልላት የግሬንፌል ታወር ጭስ ከመስኮቷ እየታያት ታለቅስ ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ ከአንድ ማቀዝቀዣ የተነሳ እሳት ልባሱን ይዞ ባለ 24 ፎቁን ሕንፃ ተሳበበት። 72 ሰው ሞተ፤ የእኛና የኤርትራ ልጆችም ነበሩባቸው። ለሕንፃው መጀመሪያ የታሰበው ዚንክ ነበር፤ ወጪ ለመቀነስ ሲባል መሃሉ ፖሊኢትሊን በሆነ አሉሚኒየም ተተካ። ከውጭ ለሚያየው ያማረ ነበር።

ይህን ስናገር ስብሰባው ጸጥ አለ። ክላዲንግ ሁሉ እንዲህ ነው አላልኩም። መሃሉ በአብዛኛው ማዕድን የሆነ፣ በቀላሉ የማይቀጣጠል ዓይነት አለ፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ፊት ለፊት ሲያዩት ግን ሁለቱን መለየት አይቻልም። ስለዚህ ጠርዙን ማየት፣ የእሳት ፍተሻ ወረቀቱንም መጠየቅ ያስፈልጋል። የእኔ ምርጫ ከታች የአምቦ ድንጋይ፣ ከላይ ልስን ላይ ፈካ ያለ ኳርትዝ ነው። ድንጋይና ልስን አይነዱም፤ ፈካ ያለ ቀለምም የአዲስ አበባን የደጋ ፀሐይ ከጥቁሩ ይልቅ ይችለዋል። ከየመስኮቱ ሥር ውኃ የሚያንጠባጥብ ጠርዝ ካልወጣለት ግን ክረምቱ ግድግዳውን ያዥጎረጉረዋል፤ ይህንንም አስመዝግቤያለሁ።

ተቋራጩ ወረቀቱን ሊያመጣ ቃል ገባ፤ የቀለሙ ድምፅ እስከዚያ ቆየ። ስንበተን እትዬ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «ክሬሙ ከማይነደው ይገኛል?» አሉኝ። ይገኛል አልኳቸው።