የተፈቀዱ ተግባራት የአካባቢ ክትትል በኒው ዚላንድ

የተፈቀዱ ተግባራት የአካባቢ ክትትል በኒው ዚላንድ የክልል ምክር ቤቶች የግል ፈቃድ ሳያስፈልጋቸው የሚሠሩ ሥራዎች በውሃ፣ በአፈርና በአየር ላይ የሚያደርሱትን ተጽዕኖ የሚከታተሉበት አሠራር ነው። የአሠራሩ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የሀብት አስተዳደር ሕግ ነው።

የክልል ምክር ቤት

በኒው ዚላንድ «የክልል ምክር ቤት» ሲባል በኢትዮጵያ እንዳለው ሕግ አውጪ ምክር ቤት አይደለም። በሕዝብ የተመረጡ አባላት ያሉት የአካባቢ አስተዳደር ሲሆን ዋና ሥራው ወንዞችን፣ የከርሰ ምድር ውሃን፣ አየርን፣ የባሕር ዳርቻንና የአፈር መሸርሸርን መቆጣጠር ነው። እነዚህ ምክር ቤቶች የተቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1989 በተደረገው የአካባቢ አስተዳደር ለውጥ ነው። ሀገሪቱ 16 ክልሎች አሏት። በ11ዱ የክልል ምክር ቤት ሲኖር፣ በቀሩት 5 ክልሎች አንድ አስተዳደር የክልልንም የከተማንም ሥራ ደርቦ ይሠራል።

«የተፈቀደ ተግባር» ምንድን ነው?

ሕጉ ተግባራትን በስድስት ደረጃዎች ይከፍላል። በአንደኛው ጫፍ የተፈቀደ ተግባር፣ በሌላኛው ጫፍ የተከለከለ ተግባር ይገኛል። በመካከል ያሉት አራቱ ደረጃዎች ከምክር ቤቱ ፈቃድ ማውጣትን ይጠይቃሉ። የተፈቀደ ተግባር ግን ስሙ እንደሚመስለው ባለሥልጣን አይቶ ፈቃድ የሰጠበት ሥራ አይደለም። በክልሉ ዕቅድ ወይም በብሔራዊ ደንብ የተጻፉትን ሁኔታዎች እስካሟላ ድረስ ማንም ሰው ማመልከቻ ሳያስገባ ሊሠራው ይችላል።

ለምሳሌ በብዙ ክልሎች የአንድ ቤት ሴፕቲክ ታንክ፣ አነስተኛ የአፈር ቁፋሮ፣ በትንሽ ጅረት ላይ የሚሠራ መሻገሪያ እና የተወሰነ መጠን ያለው ውሃ መቅዳት ሁኔታዎቹ ከተሟሉ ያለ ፈቃድ ይሠራሉ። ምክር ቤት ቆሻሻ ወደ ውሃ መልቀቅን ያለ ፈቃድ የሚያስችል ደንብ ከማውጣቱ በፊት፣ ፍሳሹ ከውሃው ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ዘይት ወይም አረፋ እንደማያስከትል፣ የውሃውን ቀለም በጉልህ እንደማይለውጥ፣ መጥፎ ሽታ እንደማያመጣ፣ ውሃውን ለከብት መጠጥ የማይሆን እንደማያደርገውና በውሃ ውስጥ ያለውን ሕይወት ክፉኛ እንደማይጎዳ ማረጋገጥ አለበት።

የክትትል ግዴታ

የሕጉ አንቀጽ 35 ምክር ቤቶች የአካባቢውን ሁኔታ፣ የዕቅዶቻቸውን ደንቦች ውጤታማነት እና የሰጧቸውን ፈቃዶች አፈጻጸም እንዲከታተሉ ያዛል። የደንቦቹን ውጤታማነት የሚመለከተው ግምገማ ቢበዛ በየ5 ዓመቱ ለሕዝብ ይፋ መሆን አለበት። ለፈቃዶች በስም የተጠቀሰ ግዴታ ሲኖር፣ የተፈቀዱ ተግባራት በአብዛኛው የሚሸፈኑት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ግዴታዎች ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ይህ ገበሬ ደንቡን አክብሯል ወይ?» ብቻ አይደለም፤ «ደንቡ ራሱ ወንዙን ጠብቋል ወይ?» የሚልም ነው።

የክትትል ዘዴዎች

የመጀመሪያው ዘዴ የአካባቢ ሁኔታ ክትትል ነው። ምክር ቤቶች ከተመረጡ ወንዞች፣ ሐይቆችና ጉድጓዶች በየጊዜው ናሙና ይወስዳሉ። ናይትሮጅንን፣ ፎስፈረስን፣ የኢ. ኮላይ ባክቴሪያን እና የውሃውን ጥራት ይለካሉ። በወንዝ ድንጋዮች ሥር የሚኖሩ ትናንሽ ፍጥረታትንም ይቆጥራሉ፤ ንጹሕ ውሃ የሚፈልጉት ዝርያዎች ጠፍተው ብክለት የሚችሉት ብቻ ከቀሩ ወንዙ መጎዳቱን ያሳያል። ውጤቶቹ «ላዋ» በተባለው የጋራ ድረ ገጽ ይወጣሉ።

ሁለተኛው ቀጥተኛ ቁጥጥር ነው። ሥልጣን የተሰጠው መኮንን ከመኖሪያ ቤት በስተቀር ወደ ይዞታ ገብቶ መመርመርና ናሙና መውሰድ ይችላል። ሁሉንም ይዞታ ማዳረስ ስለማይቻል ብዙውን ጊዜ ቅድሚያ የሚሰጠው ለከፍተኛ አደጋ ነው፦ ተዳፋት መሬት፣ ለወንዝ የቀረበ ሥራ ወይም ቀድሞ ጥፋት የተገኘበት ቦታ። የአየር ላይ ፎቶግራፍና የሳተላይት ምስልም ያግዛል።

ሦስተኛው ከሕዝብ የሚመጣ ጥቆማ ነው። ወንዝ ቀለሙ ሲለወጥ ወይም ሽታ ሲኖር ጎረቤት ወደ ምክር ቤቱ ይደውላል።

አራተኛው አስቀድሞ ማሳወቅን ወይም ሪፖርትን የደንቡ ሁኔታ ማድረግ ነው። በብሔራዊ የደን ልማት ደንብ መሠረት ዛፍ የሚያጭድ ድርጅት ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለምክር ቤቱ ማሳወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ደግሞ በግጦሽ መሬት ላይ የሚጨመር ሰው ሠራሽ ናይትሮጅን በዓመት በሄክታር ከ190 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ተወስኗል። ከዚህ በታች የሚጠቀም ገበሬ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ የወተት ከብት አርቢ ግን የተጠቀመውን መጠን በየዓመቱ ለምክር ቤቱ ያሳውቃል።

ወጪው የማን ነው?

ፈቃድ ያወጣ ሰው የክትትሉን ወጪ እንዲከፍል ይደረጋል። የተፈቀደ ተግባር ግን ባለፈቃድ ስለሌለው ሒሳቡ የሚላክለት ሰው የለም፤ ወጪው በአብዛኛው ከነዋሪዎች የንብረት ግብር ይሸፈናል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሕጉ ተሻሽሎ፣ ብሔራዊ ደንብ በግልጽ ከፈቀደ ምክር ቤቱ ተግባሩን የሚያከናውነውን ሰው ማስከፈል እንዲችል ተደረገ። የደን ልማቱ ደንብ እና እ.ኤ.አ. የ2020 የጣፋጭ ውሃ ደንብ ይህን ሥልጣን ሰጥተዋል።

የሀቭሎክ ኖርዝ ወረርሽኝ

ተራ የሚመስል የመሬት አጠቃቀም ምን ሊያስከትል እንደሚችል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 በሆክስ ቤይ ክልል ታይቷል። 14,000 ያህል ነዋሪ ባላት በሀቭሎክ ኖርዝ ከተማ የመጠጥ ውሃ በካምፒሎባክተር ባክቴሪያ ተበከለ። በወቅቱ 5,500 ያህል ሰዎች እንደታመሙ ተገምቶ ነበር፤ ቢያንስ ሦስት ሰዎችም ከወረርሽኙ ጋር በተያያዘ ሞተዋል። የመንግሥት አጣሪ ጉባኤ ምንጩ የበግ ፋንድያ ሳይሆን እንደማይቀር ደመደመ። ከባድ ዝናብ ፋንድያውን ወደ ኩሬ አጥቦ፣ ከኩሬው ውሃው ወደ ከርሰ ምድር ሰርጎ የከተማው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። የከተማው ውሃ በክሎሪን አይታከምም ነበር። ጉባኤው ሌሎች ተቋማትን ጭምር ሲወቅስ፣ የክልሉ ምክር ቤትም የከርሰ ምድር ውሃውን የመጠበቅ ኃላፊነቱን አልተወጣም ብሏል። በግ ማሰማራት በሀገሪቱ በየቀኑ የሚታይ ሥራ ነው፤ አደጋው የመጣው መሬቱ ከውሃው ጋር ባለው ግንኙነት ነው።

ጥሰት ሲገኝ

የተፈቀደ ተግባር ከሁኔታዎቹ አንዱን ከጣሰ መፈቀዱ ይቀራል፤ ሠሪው ወይ ፈቃድ ማውጣት ወይ ማቆም አለበት። ምክር ቤቱ ምክርና ማስጠንቀቂያ፣ ሥራውን የሚያስቆም ትእዛዝ፣ የገንዘብ ቅጣት ወረቀት ወይም ክስ ሊጠቀም ይችላል።

የአሠራሩ ችግሮች

ፈቃድ የማይጠየቅበት ሥራ ስለማይመዘገብ ምክር ቤቱ የት ምን ያህል እንደሚሠራ ላያውቅ ይችላል። አንድ ሴፕቲክ ታንክ ብዙ ጉዳት ላያደርስ ይችላል፤ በአንድ ሐይቅ ዙሪያ የተደረደሩ በመቶ የሚቆጠሩ ታንኮች ግን ውሃውን ሊለውጡ ይችላሉ። ናይትሬት በከርሰ ምድር ቀስ ብሎ ስለሚጓዝ ዛሬ በጉድጓድ የሚለካው ከዓመታት በፊት መሬት ላይ የተደረገውን ሊያሳይ ይችላል። በዚህ ምክንያት በናሙናው የታየውን ለውጥ ከአንድ ተግባር ጋር ማያያዝ ያስቸግራል። ክትትሉ ደንቡ እንዳልበቃ ካሳየ፣ ምክር ቤቱ ዕቅዱን አሻሽሎ ሁኔታዎቹን ያጠብቃል ወይም ተግባሩን ፈቃድ ወደሚጠይቅ ደረጃ ያዛውረዋል።