ፐርሙቴሽን፣ ኮምቢኔሽን እና የባይኖሚያል ቲዎረም

ፐርሙቴሽን፣ ኮምቢኔሽን እና የባይኖሚያል ቲዎረም ነገሮችን አንድ በአንድ ሳይዘረዝሩ ብዛታቸውን ለማወቅ የሚያስችሉ የሒሳብ ዘዴዎች ናቸው። ሦስቱም ኮምቢናቶሪክስ ለሚባለው የሒሳብ ዘርፍ መሠረት ናቸው። ፐርሙቴሽን በቅደም ተከተል የተደረደሩ ነገሮችን ይቆጥራል። ኮምቢኔሽን ቅደም ተከተል ሳይታይ የተመረጡ ነገሮችን ይቆጥራል። የባይኖሚያል ቲዎረም ደግሞ የሁለት ቁጥሮች ድምር በራሱ ደጋግሞ ሲባዛ የሚወጣውን ዝርዝር በኮምቢኔሽን አማካይነት ይሰጣል።

በኢትዮጵያ ተማሪዎች ይህን ትምህርት በ11ኛ ክፍል ከፕሮባቢሊቲ ጋር ይማሩታል። የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ለሚ ወይም አንኮበር ያለ ተማሪ ጥያቄውን የሚያገኘው አፉን በፈታበት ቋንቋ አይደለም። ስሌቱ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው። የሚያስቸግረው ጥያቄው ምን እየተቆጠረ እንደሆነ መለየት ነው። «ደርድር» እና «ምረጥ» የሚሉት ሁለት ትእዛዞች የተለያየ መልስ አላቸው፤ በምርጫ ፈተና ላይ ደግሞ የተሳሳተው ቀመር የሚሰጠው ቁጥር ከአማራጮቹ አንዱ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል።

መሠረታዊው የቆጠራ ሕግ

አንድ ሥራ በሁለት ደረጃ የሚፈጸም ቢሆን፣ የመጀመሪያው በ«ሀ» መንገዶች፣ ሁለተኛው በ«ለ» መንገዶች መፈጸም ከቻለ፣ ጠቅላላው ሥራ በ ሀ × ለ መንገዶች ይፈጸማል። ይህ የማባዛት ሕግ ይባላል።

ከአዲስ አበባ በሙከጡሪ በኩል ወደ ዓለም ከተማ የሚሄድ መንገደኛ በሰሜን ሸዋ፣ እንሳሮ ወረዳ ያለችውን ለሚን ያልፋል። መንገደኛው እስከ ለሚ ከ4 መኪኖች በአንዱ፣ ከለሚ እስከ ዓለም ከተማ ከ3 መኪኖች በአንዱ መሄድ ቢችል፣ ለሙሉው ጉዞ 4 × 3 = 12 አማራጮች አሉት።

ሥራው በደረጃ የሚፈጸም ሳይሆን «ይህ ወይም ያ» ከሆነ፣ አማራጮቹ ይደመራሉ። በኢትዮጵያ የተንቀሳቃሽ ስልክ ቁጥር 10 አሃዝ አለው። በ09 የሚጀምሩት ቁጥሮች የቀሩት 8 ቦታዎች እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 9 ባሉት 10 አሃዞች ሊሞሉ ስለሚችሉ ቢበዛ 10⁸ ወይም 100,000,000 ናቸው። በ07 የሚጀምሩትም ያንኑ ያህል ናቸው። አንድ ቁጥር በ09 ወይም በ07 ይጀምራል እንጂ በሁለቱም ሊጀምር ስለማይችል፣ ድምሩ 200,000,000 ይሆናል።

የቆጠራ ሕግ በባሕረ ሐሳብ

የማባዛት ሕግ በኢትዮጵያ ከዘመናዊ ትምህርት በፊትም በሥራ ላይ ነበር። የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ የሆነው ባሕረ ሐሳብ በዚሁ ሕግ ላይ ያረፈ ነው። ዓመታት በአራቱ ወንጌላውያን ስም ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እየተባሉ ይዞራሉ፤ መስከረም 1 ደግሞ ከ7ቱ ዕለታት በአንዱ ይውላል። ስለዚህ የወንጌላዊና የዕለት ጥንዶች 4 × 7 = 28 ናቸው። ይህም ዐውደ ፀሐይ ይባላል። የጨረቃን አቆጣጠር የሚከተለው ዐውደ አበቅቴ 19 ዓመት ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሄዱ 28 × 19 = 532 ዓመት ይሆናሉ፤ ይህ ዐውደ ቀመር ነው። ከ532 ዓመት በኋላ ዕለቱም፣ ወንጌላዊውም፣ አበቅቴውም እንደገና ይገጣጠማሉ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የማባዛት ሕግ የሚናገረው ሊኖሩ ስለሚችሉ ጥንዶች ብዛት ነው። ሁሉም ጥንዶች በተራ የሚደርሱት 28 እና 19 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ነው። አንዱ ዑደት 4 ዓመት፣ ሌላው 6 ዓመት ቢሆን ኖሮ፣ ጥንዶቹ 24 ቢሆኑም ሁለቱ የሚገጣጠሙት በ12 ዓመት ነበር።

ፐርሙቴሽን

ከ1 እስከ ነ ያሉ ሙሉ ቁጥሮች ብዜት የ«ነ» ፋክቶሪያል ይባላል፤ ነ! ተብሎም ይጻፋል። ለምሳሌ 5! = 5 × 4 × 3 × 2 × 1 = 120። በስምምነት 0! = 1 ነው። «ነ» የተለያዩ ነገሮች በመስመር ሲደረደሩ የሚገኙት ድርድሮች ነ! ናቸው። ከ«ነ» ነገሮች ውስጥ «ረ» ብቻ ተወስደው ሲደረደሩ ደግሞ፦

ፐ(ነ፣ ረ) = ነ! ÷ (ነ − ረ)!

እቁብ የፐርሙቴሽን ጥሩ ምሳሌ ነው። በለሚ ገበያ 12 ነጋዴዎች እቁብ ቢጥሉ፣ እያንዳንዱ አባል አንድ ጊዜ ብቻ ይደርሰዋል። ዕጣው ሊወጣ የሚችልባቸው ቅደም ተከተሎች 12! = 479,001,600 ናቸው።

ከዚህ ቁጥር ጋር የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ የ1ኛው ዙር ዕጣ ካለፈ በኋላ ያልደረሳቸው ሰዎች ዕድላቸው ከመጀመሪያው ያነሰ ነበር? አንድ የተወሰነ አባል በ1ኛው ዙር የሚደርሰው ዕድል 1/12 ነው። በ2ኛው ዙር እንዲደርሰው በ1ኛው መቅረት፣ ከዚያም ከቀሩት 11 ሰዎች መውጣት አለበት፤ ይህም 11/12 × 1/11 = 1/12 ነው። በፐርሙቴሽንም ቢታይ አባሉ በአንድ ተራ ላይ ቢቆም የቀሩት 11 ሰዎች በ11! መንገዶች ይደረደራሉ፤ 11! ÷ 12! = 1/12። ስለዚህ ዕጣው እስካልተዛባ ድረስ፣ እቁቡ ሲጀመር የማንኛውም ሰው ዕድል በማንኛውም ዙር እኩል ነው። ልዩነቱ ገንዘቡ ቶሎ ወይም ዘግይቶ መድረሱ እንጂ የዕጣው ፍትሐዊነት አይደለም።

የሚደጋገሙ ነገሮች

ከሚደረደሩት ነገሮች አንዳንዶቹ አንድ ዓይነት ከሆኑ፣ ቦታ ቢለዋወጡ አዲስ ድርድር አይገኝም። ስለዚህ በሚደጋገሙት ፋክቶሪያል ይካፈላል። «አንኮበር» የሚለው ስም 5 የተለያዩ ፊደላት ስላሉት 5! = 120 ድርድሮች አሉት። «ደብረ ብርሃን» ክፍተቱ ሳይቆጠር 7 ፊደላት አሉት፤ «ብ» ሁለት ጊዜ ይገኛል። ስለዚህ ድርድሮቹ 7! ÷ 2! = 2,520 ናቸው። «ረ» እና «ር» ከአንድ ቤት ቢሆኑም ቅርጻቸው ስለሚለያይ እንደ ሁለት ፊደላት ይቆጠራሉ። በላቲን ፊደል ከሚጻፍባቸው መንገዶች በአንዱ ይኸው ስም 11 ፊደላት ይኖሩታል፤ ከነሱም 3 ፊደላት እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ጊዜ ይመጣሉ። በዚያ አጻጻፍ ድርድሮቹ 11! ÷ (2! × 2! × 2!) = 4,989,600 ይሆናሉ። መልሱ የተለወጠው ከተማዋ ስለተለወጠች ሳይሆን የሚደረደሩት ነገሮች ስለተለወጡ ነው።

በክብ መደርደር

5 ሰዎች በመሶብ ዙሪያ ቢቀመጡ፣ ሁሉም በአንድ ቦታ ወደ ቀኝ ቢሸጋሸጉ ማን ከማን ጎን እንደተቀመጠ አይለወጥም። ስለዚህ አንዱን ሰው በቦታው አጽንቶ የቀሩትን መደርደር ይበቃል፤ ድርድሮቹ 4! = 24 ናቸው። በጠቅላላው በክብ የሚደረደሩ «ነ» ነገሮች (ነ − 1)! ድርድሮች አሏቸው።

ኮምቢኔሽን

ቅደም ተከተል ዋጋ ከሌለው፣ ፐርሙቴሽን አንዱን ስብስብ ደጋግሞ ይቆጥረዋል። «ረ» ነገሮች እርስ በርሳቸው በ ረ! መንገዶች ስለሚደረደሩ፣ በዚያ ማካፈል ያስፈልጋል፦

ኮ(ነ፣ ረ) = ነ! ÷ (ረ! × (ነ − ረ)!)

12 አባላት ያሉት እድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ቢመርጥ፣ የሥራ ድርሻው ስለሚለያይ መልሱ 12 × 11 × 10 = 1,320 ነው። ያው እድር ለቅሶ ቤት የሚሄዱ 3 ሰዎች ያለ ሥራ ክፍፍል ቢመርጥ ግን መልሱ 1,320 ÷ 3! = 220 ነው። ሁለቱን ለመለየት የሚበቃው ጥያቄ «የተመረጡት ሰዎች ቦታ ቢለዋወጡ ውጤቱ ይለወጣል?» የሚል ነው። የሚለወጥ ከሆነ ፐርሙቴሽን፣ የማይለወጥ ከሆነ ኮምቢኔሽን ነው።

16 ክለቦች ባሉበት ሊግ እያንዳንዱ ክለብ ከሌላው ጋር አንድ ጊዜ ቢጫወት ጨዋታዎቹ ኮ(16፣ 2) = 120 ናቸው። በሜዳና ከሜዳ ውጭ የሚካሄድ ከሆነ ግን ባለሜዳው ማን እንደሆነ ስለሚለይ ፐ(16፣ 2) = 240 ይሆናሉ።

የሚመረጡትን መወሰን የሚቀሩትን መወሰን ስለሆነ፣ ኮ(ነ፣ ረ) = ኮ(ነ፣ ነ − ረ) ነው። ከ10 ውስጥ 7 መምረጥና 3 መተው አንድ ነው፤ ሁለቱም 120 ይሰጣሉ።

የባይኖሚያል ቲዎረም

(ሀ + ለ)⁴ ማለት (ሀ + ለ) አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ነው። ሲዘረዘር ከእያንዳንዱ ቅንፍ ወይ «ሀ» ወይ «ለ» ይወሰዳል። ሀ²ለ² የሚገኘው ከ4ቱ ቅንፎች ሁለቱ «ለ» ሲሰጡ ነው፤ ሁለቱን ቅንፎች መምረጥ የሚቻለው በ ኮ(4፣ 2) = 6 መንገዶች ነው። ስለዚህ፦

(ሀ + ለ)⁴ = ሀ⁴ + 4ሀ³ለ + 6ሀ²ለ² + 4ሀለ³ + ለ⁴

በጠቅላላው የ (ሀ + ለ) «ነ»ኛ ኃይል ሲዘረዘር፣ «ለ» በ«ረ» ኃይል ያለበት አባል አባዢው ኮ(ነ፣ ረ) ነው። አባዢዎቹ በየመስመሩ ሲጻፉ የፓስካል ሦስት ማዕዘንን ይሠራሉ፤ በመካከል ያለ ቁጥር ሁሉ ከላዩ ያሉት የሁለት ቁጥሮች ድምር ነው፦

1
1 1
1 2 1
1 3 3 1
1 4 6 4 1

በቀመሩ ሀ = ለ = 1 ሲሆን፣ የአንድ መስመር ቁጥሮች ድምር የ2 ኃይል መሆኑ ይታያል። 6 ዓይነት ወጥ ካለበት በያይነቱ የፈለጉትን ብቻ ማስጨመር ቢቻል፣ ባዶውን እንጀራ ጨምሮ አማራጮቹ 2⁶ = 64 ናቸው።

ቲዎረሙ ፕሮባቢሊቲ ላይም ያገለግላል። 10 የ«እውነት/ሐሰት» ጥያቄዎች 2¹⁰ = 1,024 የመልስ ዝርዝሮች አሏቸው። በትክክል 7 የሚያገኙት 120፣ 8 የሚያገኙት 45፣ 9 የሚያገኙት 10፣ ሁሉንም የሚያገኘው 1 ነው። ሳያጠና በግምት የሚመልስ ተማሪ 7 ወይም ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ 176 ÷ 1,024፣ ማለትም 17 በመቶ ገደማ ነው።

ታሪክ

የድርደራና የምርጫ ሕጎች በሕንድ በባስካራ «ሊላቫቲ» በተባለው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1150 ገደማ ተጽፈው ይገኛሉ። የባይኖሚያል አባዢዎችን በሦስት ማዕዘን መደርደር በፋርሱ ሊቅ አል-ከረጂና በቻይናዊው ጂያ ሺያን ዘንድ ከፓስካል በፊት ይታወቅ ነበር። ብሌዝ ፓስካል ስለ ሦስት ማዕዘኑ የጻፈው ድርሳን ከሞተ በኋላ በ1665 ታተመ። አይዛክ ኒውተን ቲዎረሙን ሙሉ ቁጥር ላልሆኑ ኃይሎች አስፋፋ። የያኮብ በርኑሊ የፕሮባቢሊቲ መጽሐፍ ደግሞ በ1713 ወጣ።

የተለመዱ ስሕተቶች

«ቢያንስ አንድ» በሚሉ ጥያቄዎች ደጋግሞ መቁጠር የተለመደ ስሕተት ነው። ከ7 ሴቶችና ከ5 ወንዶች ቢያንስ አንዲት ሴት ያለችበት ባለ 3 ሰው ኮሚቴ ሲጠየቅ፣ ብዙዎች አንዲት ሴት በ7 መንገዶች፣ የቀሩትን ሁለት በ ኮ(11፣ 2) = 55 መንገዶች መርጠው 7 × 55 = 385 ይላሉ። ስሕተቱ ወዲያው ይታወቃል፤ ያለ ምንም ገደብ የሚገኙት ኮሚቴዎች እንኳ 220 ብቻ ናቸው። ሁለት ሴቶች ያሉበት ኮሚቴ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ሴቶች ያሉበት ሦስት ጊዜ ተቆጥሯል። ትክክለኛው መንገድ ከጠቅላላው ወንዶች ብቻ ያሉባቸውን መቀነስ ነው፦ 220 − ኮ(5፣ 3) = 220 − 10 = 210።

በባይኖሚያል ቲዎረም የሚበዛው ስሕተት የቁጥሩን ኃይል መርሳት ነው። በ (2ሀ − 3)⁵ ውስጥ የ ሀ³ አባዢ ኮ(5፣ 2) × 2³ × (−3)² = 10 × 8 × 9 = 720 ነው። 2ን በ3 ኃይል ያላነሣ ተማሪ 180 ያገኛል።

ቀመሩ መያዙ ሲያጠራጥር ጥያቄውን በትንንሽ ቁጥሮች መሞከር ይረዳል። 12 የነበረውን 3 አድርጎ ሁሉንም በወረቀት ላይ መዘርዘር የትኛው ቀመር እንደሚስማማ ያሳያል።

መልመጃ

1. «እንሳሮ» የሚለው ስም ፊደላት ስንት ድርድሮች አሏቸው? በ«እ» የሚጀምሩትስ?
2. ከ8 ሯጮች 4 ለዱላ ቅብብል በስንት መንገዶች ይመረጣሉ? የሚሮጡበት ተራም ቢወሰንስ?
3. 10 ሰዎች እያንዳንዳቸው ከሌሎቹ ሁሉ ጋር አንዳንድ ጊዜ ቢጨባበጡ ስንት መጨባበጥ ይሆናል?
4. በ (ሀ + 2)⁶ ውስጥ የ ሀ⁴ አባዢ ስንት ነው?

መልስ፦ 1. 24፤ 6። 2. 70፤ 1,680። 3. 45። 4. ኮ(6፣ 2) × 2² = 60።