ሰው በሌለበት በረሃ የሚዘፈን ጸሎት፦ የኤ. አር. ራህማን «አዱጂቪታም»

«አዱጂቪታም» በተባለው የማላያላም ቋንቋ ፊልም ውስጥ ናጂብ የሚያወራው ሰው የለውም። አሠሪው ዐረብኛ ይናገራል፤ እሱ ከማላያላም በቀር አያውቅም። ዙሪያው ፍየል፣ ግመልና አሸዋ ነው። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ለሚቀረው ፊልም ይህ ከባድ ፈተና ነው፤ አፉ የተዘጋን ሰው ልብ ተመልካቹ በምን ያውቃል? ዳይሬክተሩ ብሌሲ ይህን ሸክም ከዋናው ተዋናይ ከፕሪትቪራጅ ሱኩማራን ፊት ቀጥሎ የጣለው በሙዚቃው ላይ ነው። ሙዚቃው የኤ. አር. ራህማን ነው። ራህማን ከሠላሳ ዓመት በላይ ከሠራቸው የፊልም ሙዚቃዎች ውስጥ እኔ ይህን ከምርጦቹ ተርታ አስቀምጠዋለሁ፤ ምክንያቱን ለመረዳት ግን ስለ ፊልሙም፣ ስለ ሕንድ የፊልም ሙዚቃ አሠራርም ትንሽ ማወቅ ይጠቅማል።

ፊልሙ ለእይታ የበቃው በመጋቢት 2024 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። መነሻው ቤንያሚን በሚል የብዕር ስም የሚጽፈው፣ የሕንዷ የኬረላ ግዛት ደራሲ በ2008 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። ቤንያሚን ራሱ ለብዙ ዓመታት በባሕሬን ሠርቶ የኖረ ሰው ሲሆን፣ መጽሐፉን የጻፈው በእውነተኛ ሰው መከራ ላይ ተመሥርቶ ነው። ናጂብ በኬረላ ከወንዝ አሸዋ እያወጣ የሚኖር፣ አዲስ ሚስት ያገባ ወጣት ነው። የተሻለ ኑሮ ፍለጋ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ይሄዳል። ሪያድ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ የሚቀበለው ያጣል፤ በመጨረሻ አንድ ሰው በመኪና ጭኖ ከሰው ርቆ ወዳለ የፍየል በረት ይወስደዋል። ከዚያ ለዓመታት አይወጣም።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። «ከፊል» የሚለውን የዐረብኛ ቃል፣ ማለትም የሠራተኛውን የመኖሪያ ፈቃድ በእጁ የያዘውን አሠሪ፣ ከዐረብ አገር የተመለሰ ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። በሳዑዲ በረሃ ከብት የሚጠብቁ ኢትዮጵያውያን አሉ። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ሲባረሩ አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ የነበረው ሁኔታም አይረሳም። ከኬረላ ጋር ያለን ትውውቅ ደግሞ ከዚያ ይቀድማል፤ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩን ሕንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ የመጡት ከዚያች ጠባብ የባሕር ዳርቻ ግዛት ነው፤ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውም ማላያላም ነበር።

አሁን ወደ ሙዚቃው። በእኛ አገር አንድ ዘፈን ሲወጣ ግጥም፣ ዜማ እና ቅንብር በሦስት የተለያዩ ሰዎች ስም ሊጻፍ ይችላል። በሕንድ ፊልም ግጥሙ የገጣሚ ነው፤ ዜማውና ቅንብሩ ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ ሰው ኃላፊነት ሥር ነው። ይኸው ሰው ከዘፈኖቹ ሌላ በትዕይንቶቹ ሥር የሚሰማውን የማጀቢያ ሙዚቃም ይሠራል። ተዋናዩ አፉን ያንቀሳቅሳል እንጂ አይዘፍንም፤ ድምፁን የሚሰጡት በስቱዲዮ የቀረጹ ሌሎች ድምፃውያን ናቸው፤ ይህንንም ተመልካቹ ሁሉ ያውቃል፣ የድምፃውያኑም ስም ከተዋናዮቹ ባልተናነሰ ይታወቃል። ዘፈኖቹ ከፊልሙ ቀድመው ስለሚወጡ ሰው ሲኒማ ቤት የሚገባው ዜማውን በቃሉ ይዞ ነው።

ራህማን ይህን ሥራ ያገኘው ከአባቱ ነው ማለት ይቻላል። አባቱ አር. ኬ. ሼካር በማላያላም ፊልሞች ዜማ ይደርስ፣ ለሌሎች ደራሲዎችም ያቀናብርና ኦርኬስትራ ይመራ ነበር። በ1976 ሲሞት ልጁ የዘጠኝ ዓመት ሕፃን ነበር። ቤተሰቡ የአባትየውን የሙዚቃ መሣሪያዎች እያከራየ ኖረ፤ ልጁም በታዳጊነቱ ኢላያራጃን በመሳሰሉ ታላላቅ የሙዚቃ ሰዎች ኦርኬስትራ ውስጥ ኪቦርድ መጫወት ጀመረ። በ1992 የዳይሬክተር ማኒ ራትናም «ሮጃ» ሲወጣ ገና በመጀመሪያ ፊልሙ ብሔራዊ ሽልማት አገኘ። የቀረውን ዓለም ያውቀዋል፤ በ2009 በ«ስላምዶግ ሚሊየነር» ሁለት ኦስካር ወሰደ። ነገር ግን ሥራውን የጀመረው በትውልድ ከተማው በቼናይ፣ በታሚል ቋንቋ ነውና፣ የአባቱ ቤት ወደነበረው የማላያላም ፊልም የተመለሰው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፦ በ1992 በ«ዮዳ»፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በ«ማላያንኩንጁ»፣ ከዚያም በ«አዱጂቪታም»።

ስለዚህ «ኦማኔ» የተባለውን የፍቅር ዘፈን ስሰማ ከዜማው በስተጀርባ ያለው ታሪክ አብሮ ይሰማኛል። የወንዱን ድምፅ የዘፈነው ቪጃይ ዬሱዳስ ነው፤ የኬ. ጄ. ዬሱዳስ ልጅ። አባት ዬሱዳስ ለሼካር ዜማዎች ድምፁን የሰጠ፣ በኬረላ ለሁለት ትውልድ የፊልም ዘፈን ሲባል መጀመሪያ የሚታወስ ድምፃዊ ነው። እነሆ የዜማ ደራሲው ልጅ ለድምፃዊው ልጅ ዜማ ሰጠ። የሴቶቹን ድምፅ ቺንማዪ እና ራክሺታ ሱሬሽ ተቀባብለውታል። ዘፈኑ ከበረሃው አውጥቶ ወደ ኬረላ ወንዝ፣ ወደ ናጂብና ወደ ሚስቱ ሳይኑ የቀድሞ ቀናት ይመልሰናል። ዜማው አይቸኩልም፤ አንዱ ስንኝ ሳያልቅ ሌላው ከሥሩ ይገባና ወሰናቸው ይጠፋል። ሲያዳምጡት ውሃ ይታያል። ፊልሙን ካዩ በኋላ ደግሞ ያው ልስላሴ ያማል፤ ምክንያቱም ይህን የሚያስታውሰው ሰው የሚጠጣው ውሃ እንኳ የተሰፈረለት ነው።

እዚህ ላይ የሕንድ ዜማ ለእኛ ጆሮ ለምን ሩቅ እንደማይሆን መናገር አለብኝ። የሕንድ ሙዚቃ «ራጋ» በሚባሉ የድምፅ ሥርዓቶች ይመራል፤ እያንዳንዱ ራጋ የራሱ ድምፆች፣ ድምፆቹም የራሳቸው አካሄድ አላቸው። የእኛም ቅኝቶች በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው፤ በደቡብ ሕንድ «ሞሃናም» የሚባለው ባለ አምስት ድምፅ ራጋ ከትዝታ ሜጀር ጋር ድምፆቹ አንድ ናቸው። ልዩነቱ ድምፆቹ በሚያዙበት መንገድ ላይ ነው። ደቡብ ሕንዳዊ ድምፃዊ ከአንድ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሄድ በመንገዱ ላይ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያንሸራትተዋል፣ ያወዛውዘዋል፤ የእኛም ዘፋኝ በራሱ መንገድ አንድን ፊደል ይዞ ብዙ ይዞርበታል። ቋንቋውን ሳያውቅ በሕንድ ፊልም ዘፈን የሚያለቅሰው የመርካቶና የፒያሳ ተመልካች ያለ ምክንያት አላለቀሰም።

«ኢስቲግፋር» ሌላ ዓለም ነው። ዐረብኛ ቃል፣ ዐረብኛ አዘማመር፣ የምሕረት ልመና። ለብቻው ሲደመጥ ብዙ አይዝም ይሆናል፤ በቦታው ግን ናጂብ ያለበት አገር የራሱ ድምፅና የራሱ ጸሎት እንዳለው ያሳስባል፣ በረሃውንም ሰው አልባ ከመሆን ያድነዋል።

የዚህ ሙዚቃ ልብ ግን «ፔሪዮኔ» ነው። ግጥሙ የኬረላው ገጣሚ የራፊቅ አህመድ ነው፤ ታላቁን ፈጣሪ የሚጠራ ሰው ጥሪ ነው። ራህማን ይህን ዘፈን ለገነነ ድምፃዊ መስጠት ይችል ነበር፤ የሰጠው ግን ለወጣቱ ለጂቲን ራጅ ነው። ያልተለመደ ድምፅ ፈልጎ ማምጣት የራህማን የቆየ ልማድ ነው። ድምፃውያኑ እንደሚናገሩት ስቱዲዮ አስገብቶ ለረጅም ጊዜ በነፃነት ያስዘፍናቸዋል፤ ከዚያ እሱ ራሱ ሌሊቱን ተቀምጦ ከተቀረፀው ውስጥ የሚፈልገውን እየመረጠ ይገጣጥመዋል። ዘፋኙ ሥራው ሲወጣ ነው ከድምፁ የትኛው እንደቀረ የሚያውቀው።

«ፔሪዮኔ» እንደ ብዙዎቹ የራህማን ዘፈኖች ከዝቅታ ይጀምራል። ድምፁ ብቻውን ነው ማለት ይቻላል፤ ከሥሩ ያለው መሣሪያ ዜማውን አይሻማም። አንዱ ጥሪ ይደጋገማል፤ በተደጋገመ ቁጥር ትንሽ ከፍ ይላል፣ ትንሽ ይሰፋል፣ መሣሪያዎቹም አንድ በአንድ ይከተሉታል። ጣሪያው ላይ ሲደርስ ድምፃዊው ሊሰበር ጥቂት ይቀረዋል። ራህማን ይህን መሻከር በመሣሪያ አልሸፈነውም፤ እንዲሰማ ተወው። ያንን መሻከር ቢያጸዳው ኖሮ የሚያምር ዘፈን ይቀርልን ነበር፤ የተጠማ ሰው ድምፅ ግን ይጠፋ ነበር።

የራህማንን ሥራ ለሚከታተል ሰው ይህ ዘፈን የት እንደሚቀመጥ ግልጽ ነው። ቤተሰቡ በወጣትነቱ እስልምናን ከተቀበለ ወዲህ የሱፊዎች መንገድ በሙዚቃው ውስጥ ተለይቶ አያውቅም። በ2008 በ«ጆዳ አክባር» ውስጥ «ኽዋጃ መሬ ኽዋጃ»ን ራሱ ዘፈነ፤ በ2011 በ«ሮክስታር» ውስጥ «ኩን ፋያ ኩን»ን በዴልሂው የኒዛሙዲን መካነ መቃብር አደባባይ አሰማን። ሁለቱም የጉባኤ ዝማሬዎች ናቸው። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎች ይቀበላሉ፤ እጅ ይጨበጨባል፤ የወሎን መንዙማ የሚያውቅ ሰው አደራረጉን ይለየዋል። የሚያዝነው ሰው በዙሪያው ሌሎች ስላሉ ሐዘኑ ይቀልለታል። በ«ፔሪዮኔ» ውስጥ ግን ተቀባይ የለም። ናጂብ ያወጣል፣ ዝም ይላል፣ ራሱ ደግሞ ይቀበላል። ራህማን ለዓመታት ያካበተውን የጸሎት ሙዚቃ ይዞ መጣና ጉባኤውን አነሳው፤ አንድ ሰው ብቻ ሲቀር ምን እንደሚመስል አሳየን። ይህን ከዚህ በፊት አድርጎት አያውቅም ብዬ አምናለሁ፤ ዘፈኑን በሰማሁ ቁጥር የሚገርመኝም ይኸው ነው።

ከዘፈኖቹ ውጭ ያለው የማጀቢያ ሙዚቃ በብዙ ቦታ ቁጥብ ነው፤ ለዚህም የድምፅ ባለሙያው ሬሱል ፑኩቲ ምስጋና ይገባዋል። ሬሱል የኬረላ ልጅ ነው፤ በ2009 ራህማን ሁለቱን ኦስካር በወሰደበት ምሽት እሱም በዚያው ፊልም ለድምፅ ቅልቅል ኦስካር ወስዷል። በ«አዱጂቪታም» የነፋሱ ድምፅ፣ የፍየሎቹ እግር፣ የደረቀ ጉሮሮ ትንፋሽ በጉልህ እንዲሰማ ሙዚቃው ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ይላል። ለስሙ የሚሳሳ የሙዚቃ ሰው ይህን ዝምታ አይፈቅድም ነበር። ናጂብ ከሌሎች ጋር ሆኖ ከበረሃው በሚሸሽበት ረጅም ክፍል ግን ኦርኬስትራው አንዳንዴ ከሚገባው በላይ ይገፋል። ተዋናዩ ለዚህ ሥራ ሰውነቱን አክስቶ አጥንቱ የወጣ ሰው ሆኖ ከፊታችን ቆሟል፤ በዮርዳኖሱ ዋዲ ረምና በአልጄሪያ የተቀረፀው አሸዋም በራሱ ይናገራል፤ በዚያ ላይ ቫዮሊኖቹ እንድናዝን ባይነግሩን ይሻል ነበር።

ፊልሙን ለማስተዋወቅ የተሠራው «ሆፕ» የተባለው ዘፈንም አለ፤ በብዙ ቋንቋ የተዘፈነ፣ ተስፋን የሚሰብክ። ራህማን ለዓለም ሲናገር የሚመርጠው ድምፅ ነው፤ ለዚህ ታሪክ ግን ውጫዊ ነው። ከእሱ የሚጀምር ሰው የፊልሙን ሙዚቃ በተሳሳተ በር ይገባል።

ሽልማትን በተመለከተ ፊልሙ በኬረላ መንግሥት የፊልም ሽልማት ዘጠኝ ዘርፎችን አሸንፏል፤ ምርጥ ዳይሬክተርና ምርጥ ተዋናይም ከእነዚያ ውስጥ ናቸው። ልጆቻቸው በባሕረ ሰላጤው አገራት ለተበተኑባት ለኬረላ ግን «ፔሪዮኔ» ከዳኞች ውሳኔ በፊት የራሷ ሆኗል። ባሕር ማዶ የሄደ ባልን የሚናፍቁ የደብዳቤ ዘፈኖች ያሏት አገር ናት፤ ይህም ዘፈን ከእነዚያ ጋር ሳይቀላቀል አልቀረም።

ማዳመጥ ለሚፈልግ የምመክረው የማላያላሙን ቅጂ ነው። ፊልሙ በታሚል፣ በቴሉጉ፣ በካንናዳ እና በሂንዲም ስለወጣ ዘፈኖቹ በእነዚያ ቋንቋዎችም አሉ፤ ግን የራፊቅ አህመድ ግጥምና የራህማን ዜማ አብረው የተወለዱት በማላያላም ነው፤ ቃሉ ባይገባን እንኳ ፊደሉ ከድምፁ ጋር መግጠሙ ይሰማናል። በመጀመሪያ «ኦማኔ»ን፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ የሁለቱ ወገን ድምፅ የት ላይ እንደሚገናኝ እየተከታተሉ። ቀጥሎ «ኢስቲግፋር»ን። «ፔሪዮኔ»ን መጨረሻ ላይ፣ ሌላ ሥራ ሳይሠሩ። በመጀመሪያው ጊዜ ካልያዘ አይተዉት፤ የራህማን ዘፈን ብዙ ጊዜ ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ነው የሚይዘው። ከዚያ ፊልሙን ይዩ።